ሳይታመም የሚፈለግ ሐኪም፦ ከውሻ ጋር በካራቫን ወደ አውሮፓ

«ካራቫን» የሚለውን ቃል ለማኅበረሰቡ አዛውንቶች ማስረዳት አያስፈልግም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እስራኤል ሲገባ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ የኖረው በካራቫን ሰፈር ነው። ሐጽሮት ያሳፍ፣ ጊቫት ሃማቶስ፣ ናሃል ቤካ የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። በበጋ እንደ ምጣድ የሚግል፣ በክረምት የሚቀዘቅዝ፣ ቆሞ የቀረ ቤት ነበር።

አሁን ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዟል። የልጅ ልጆች «በካራቫን ልንሄድ ነው» ሲሉ የሚያወሩት አልጋና ምድጃ ስለተገጠመለት፣ አውሮፓ ደርሰው ስለሚከራዩት መኪና ነው። ዛሬ ጀርመን፣ ነገ ኦስትሪያ፣ ከነገ ወዲያ ጣሊያን። «ውሻውስ የት ይቀራል?» ተብለው ሲጠየቁም «እሱማ አብሮን ይሄዳል» ይላሉ።

በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ውሻ የደጅ ዘበኛ ነበር። ከጅብና ከሌባ ይጠብቃል፣ ውጭ ያድራል፣ ትርፍራፊ ይበላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ተብሎ ታማኝነቱ ይመሰገናል እንጂ፣ ሲታመም ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ውሻ መንገደኛን ተከትሎ መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮት እንደሄደ ተጽፏል። አዲሱ ነገር ድንበሩ ነው። ዛሬ ውሻም ያለ ወረቀት ድንበር አያልፍም።

ጉዳዩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ወረቀቱ ያልተሟላ ውሻ ወደ መጣበት አገር ሊመለስ ወይም በባለቤቱ ወጪ ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ሌላ መፍትሔ ከታጣ ደግሞ እንዲገደል እስከ መወሰን ሊደረስ ይችላል። ከልጆች ጋር አንድ ቤት ያደገ እንስሳ በአንድ ቀን ስሕተት ምክንያት አየር ማረፊያ ላይ ሲቀር፣ ጉዞው ወደ ለቅሶ ይለወጣል። ስለዚህ በውጭ አገር ለውሻ ሐኪም የመፈለጉ ነገር የሚጀምረው ውሻው ከታመመ በኋላ አይደለም። ከቤት ሳይወጣ ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም እዚሁ ነው

ከእስራኤል ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ የሚጠየቀው ነገር በቅደም ተከተል የተቀመጠ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ይደረግለታል። በእስራኤል ሕግ ውሻ ሁሉ ቺፕ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ፈቃድ እንዲኖረው ስለሚያዝ፣ ይህ በአብዛኛው ያለቀ ነገር ነው። ክትባቱ ግን ከቺፑ ጋር ወይም ከቺፑ በኋላ የተሰጠ መሆን አለበት። በፊት የተሰጠ ከሆነ አይቆጠርም፣ ምክንያቱም የተከተበው ይኸው ውሻ ነው ብሎ የሚመሰክር ቁጥር በጊዜው አልነበረም።

ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው። እስራኤል ይህ ምርመራ ከሚጠየቅባቸው አገሮች መካከል ናት። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ካለፈ በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ ደም ይቀዳል። ናሙናው በአውሮፓ ኅብረት ወደታወቀ ላቦራቶሪ ይላካል። በቤት ዳጋን የሚገኘው የኪምሮን የእንስሳት ሕክምና ተቋም ከእነዚህ አንዱ ነው። ክትባቱ በደሙ ውስጥ በቂ መከላከያ መፍጠሩ በቁጥር ይለካል፤ ውጤቱ ቢያንስ 0.5 መሆን አለበት።

ሦስተኛው ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት ነው። ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ 3 ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ቢመጣም፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆንም፣ 3 ወሩ አይቀነስም። በኦገስት የትምህርት ቤት እረፍት ለመሄድ የፈለገ ቤተሰብ ከፋሲካ ማግስት ቢጀምር፣ ውሻው ቀድሞ የተከተበ ከሆነ ለጥቂት ይደርሳል። ገና ያልተከተበ ቡችላ ከሆነ ግን የክትባቱ 30 ቀን ሲጨመር ነገሩ ከ4 ወር ያልፋል፤ አይደርስም። የአውሮፕላን ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ተረቱ እንደሚለው ነው፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በዚህ ምርመራ ደስ የሚል ነገርም አለ። ክትባቱ ቀኑ ሳያልፍበት በየጊዜው እየታደሰ ከቀጠለ፣ አንድ ጊዜ የተሳካ የደም ምርመራ ለቀጣዮቹ ጉዞዎችም ያገለግላል። ክትባቱ አንድ ቀን እንኳ ካለፈበት ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ደሙም እንደገና ይቀዳል።

አራተኛው ከመንግሥት የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት የሚወጣው የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ይህ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ 10 ቀን ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ ቶሎ ማውጣትም ማዘግየትም አይጠቅምም። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ወደ እስራኤል ለመመለስ የሚያስፈልገውን ጨምሮ፣ የመጨረሻውን ቃል ከግብርና ሚኒስቴር የእንስሳት ሕክምና ቢሮ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ውሻ?

አዛውንት ይህን ሲሰሙ «ሰው እንኳ እንዲህ አልተመረመረም» ቢሉ አይገርምም። ሆኖም የዚህን ሕግ ምክንያት ከወጣቶቹ ይልቅ በደንብ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እብድ ውሻ ምን እንደሚያደርግ በመንደራቸው ያዩ አሉ። ከአፉ ለሐጭ የሚዝረከረክ ውሻ፣ የተነከሰ ልጅ፣ ለሳምንታት ምንም ሳይሆን ቆይቶ በድንገት ውኃ መጠጣት ሲያቅተው። ሥር ቀጥቅጦ የሚያጠጣ ባለመድኃኒት ይፈለጋል። ከተማ የደረሰ ደግሞ ሆዱ ላይ በተደጋጋሚ መርፌ ይወጋል። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባት ያድናል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከከተበ ወዲህ ይህ የታወቀ ነው።

የ3 ወሩ ጥበቃ ትርጉምም እዚህ ላይ ነው። በሽታው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ውሻው ከመከተቡ በፊት ተይዞ ከነበረ፣ በጥበቃው ጊዜ ውስጥ ይታወቃል ተብሎ ነው። ብዙዎቹ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች በሽታውን ከምድራቸው አጥፍተዋል። በእስራኤል ግን እስከ ዛሬ በቀበሮና በሌሎች የዱር እንስሳት ላይ ይገኛል፤ ለዚህም ነው ክትባት ያለበት ምግብ ከአውሮፕላን በሜዳ ላይ የሚበተነው።

አንድ የታመመ እንስሳ ድንበር ሲያልፍ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ኢትዮጵያ በከባድ ዋጋ ተምራለች። በ1887 ገደማ ከውጭ በምጽዋ ወደብ ከገቡ ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው የከብት ቸነፈር ገባ። ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሬው አለቀ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ከዚያ ሰው አለቀ። ቤተ እስራኤልም ብዙ ሕዝብ አጣ። የዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 በፈረንሳይ ሊዮን ሲቋቋምም ከምክንያቶቹ ዋናው ይኸው ቸነፈር ነበር። በሽታው ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። እንግዲህ ድንበር ላይ የውሻውን ወረቀት ገልጦ የሚያይ መኮንን የሚጠብቀው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ነው።

መንገድ ላይ ሐኪም እንዴት ይገኛል?

ወረቀቱ ተሟልቶ ቤተሰቡ ሙኒክ ገባ እንበል። ካራቫኑን ተረክቦ በኦስትሪያ በኩል የብሬነርን ተራራ አቋርጦ ጣሊያን ውስጥ ጋርዳ ሐይቅ ይደርሳል። መንገዱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ሦስት አገር ይታለፋል፣ ቋንቋውም ይለወጣል። ውሻው በዚህ መሀል ቢታመም ማን ይጠራል?

ልምድ ያላቸው ተጓዦች የሚያደርጉት ቀላል ነው። ለሚያድሩበት ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጽፋሉ፦ በቅርብ ያለው የእንስሳት ሐኪም ስልክና የሥራ ሰዓት፣ እንዲሁም ሌሊትና በእረፍት ቀን የሚሠራው ትልቅ ክሊኒክ የት እንዳለ። ይህ የሚሠራው ከእስራኤል ሳይወጡ፣ በእርጋታ ተቀምጠው ነው። ስልኩም ቀድሞ ይደወልለታል፤ «እንግዳ ትቀበላላችሁ? እንግሊዝኛ የሚችል አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቃሉን ማወቅ ይረዳል። በጀርመንና በኦስትሪያ የእንስሳት ሐኪም «ቲርአርትስት» ይባላል፤ ትልቁ ሆስፒታል «ቲርክሊኒክ» ነው። በጣሊያን «ቬተሪናሪዮ»፣ በፈረንሳይ «ቬተሪኔር» ይሉታል። በዕብራይስጥ «ቬተሪናር» ለለመደ ጆሮ እነዚህ ሁለቱ እንግዳ አይደሉም። በግሪክ ግን «ክቲኒያትሮስ» ስለሚባል ካልጻፉት ይጠፋል። ምልክትም አለ። በፈረንሳይና በጣሊያን አረንጓዴ መስቀል የሰው መድኃኒት ቤት ነው፣ ሰማያዊው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ቁጥር ያልተመዘገበ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው የካራቫን ማረፊያው ቢሮ ነው። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች የአካባቢውን ሐኪም በስም ያውቁታል፣ ብዙ ጊዜም ራሳቸው ይደውላሉ። መድኃኒት ቤትም ይጠየቃል። 112 ግን የሰው ድንገተኛ ቁጥር ነው፤ ለታመመ ውሻ አይደወልበትም።

ከእስራኤል የሄደ ሰው በቀላሉ የሚረሳው ሌላ ነገር ቀኑ ነው። እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብዙ ክሊኒክ ይዘጋል፣ እሑድ ደግሞ ጭራሽ ጭር ይላል። በጣሊያን ኦገስት 15 ትልቅ የእረፍት በዓል ስለሆነ በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ወደ ባሕር ይወርዳል። ሰንበትን ለሚያከብር ቤተሰብ ነገሩ እጥፍ ይሆናል፦ ዓርብ ማታ ሰንበት ይገባል፣ ሰንበት ሲወጣ ደግሞ እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ኦሪት በሰንበት እንስሳም እንዲያርፍ ታዛለች፣ ስለ እንስሳ ስቃይም ትጨነቃለች። ድንገተኛ ሕመም በሰንበት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ቄሱን ወይም ረቢውን ከጉዞ በፊት መጠየቅ፣ በጭንቅ ሰዓት ከመከራከር ያድናል።

ገንዘቡም ቀድሞ ይታሰብ። በጀርመን የእንስሳት ሐኪም ዋጋ በመንግሥት ደንብ የተወሰነ ነው። ከ2020 ጀምሮ ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ ወይም በበዓል ቀን በድንገተኛ አገልግሎት ለሚታከም እንስሳ ግብሩ ሳይታሰብ 50 ዩሮ ይጨመራል፣ የሕክምናው ዋጋም ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። የሰው የጉዞ መድን ውሻን አያካትትም። ውሻው የራሱ መድን ካለው፣ በውጭ አገር የሚሠራ መሆኑንና ለመክፈል ምን ዓይነት ደረሰኝ እንደሚጠይቅ መጠየቅ ነው።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ቋንቋ ባይኖር እንኳ የሚናገር ወረቀት መያዝ ይቻላል። ዕድሜው፣ ክብደቱ በኪሎ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ነገር፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ የበላው ነገር። ይህ በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከክትባት ፒንካሱ ጋር ከተቀመጠ፣ ሐኪሙ ግማሹን ሥራ ጨርሶ ይጀምራል።

ምን ያሳምመዋል?

ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው የሚቀዘቅዘው። ውጭ 30 ዲግሪ ሲሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ በግማሽ ሰዓት ከ40 ያልፋል። የካራቫን ሰፈርን በጋ የቀመሰ ሰው ይህን ለማመን ምስክር አይፈልግም። «ሱቅ ደርሼ መጣሁ» የሚባለው ነገር ውሻ ይገድላል። አጥብቆ ካለከለከ፣ ከተንገዳገደ፣ ካስታወከ፣ ወዲያው ወደ ጥላ ይወሰዳል፣ ገላው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበታል፣ ይራገብለታል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። የተሻለው ቢመስልም መታየት አለበት። ከመኪና ኋላ የሚጎተት ካራቫን ከሆነ ደግሞ ውሻው በጉዞ ላይ እዚያ ውስጥ አይተውም፤ ሰው ባለበት መኪና ውስጥ ታስሮ ይጓዛል።

ሁለተኛዋ የአሸዋ ዝንብ ናት። ከመተማና ከሁመራ ቆላ ጋር የሚተዋወቁ አዛውንቶች ካላ አዛርን ያውቁታል፦ ሆድ የሚነፋ፣ ሰውን አመንምኖ የሚገድል ትኩሳት። በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ እስራኤልንም ጨምሮ፣ የዚያ በሽታ ዘመድ ውሻን ይይዛል። የምታስተላልፈው ያቺው ትንሽ ዝንብ ናት፣ የምትናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ውሻው ይከሳል፣ ዓይኑ ዙሪያ ጸጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ጥፍሩ ይረዝማል። ምልክቱ ከጉዞው ብዙ ወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዝንቧን የሚያባርር መድኃኒት ያለው የአንገት ቀበቶ ከጉዞው በፊት ይታሰርለታል፣ ሌሊትም ካራቫን ውስጥ ያድራል። ቆይቶ ቢታመም ለእስራኤሉ ሐኪም «በዚህ ዓመት ጣሊያን ሄዶ ነበር» ብሎ መንገር አይረሳም።

መዥገርም አለ። በፈረንሳይና በአካባቢው አገሮች መዥገር ደምን የሚያበላሽ በሽታ ለውሻ ያስተላልፋል። ውሻው ቢዝል፣ ቢያተኩሰው፣ ሽንቱ ቢጠቁር ቀን አይሰጠውም። በየማታው ጆሮውን፣ ብብቱንና በጣቶቹ መሀል ያለውን በእጅ መዳበስ ይገባል። ከብት ያረባ አዛውንት ይህን ሥራ ከማንም በላይ ይችላል።

በክረምት መጨረሻና በጸደይ የሚሄዱ ደግሞ ከጥድ ዛፍ ሥር ሲያርፉ አባጨጓሬ ይጠብቃቸዋል። ተከታትሎ በሰልፍ የሚሄድ፣ ጸጉሩ የሚያቃጥል ነው። ውሻ ካሸተተው ወይም ከላሰው ምላሱ ያብጣል፣ ከቆየም የምላሱ ሥጋ ሊሞት ይችላል። አይታሽም፤ በብዙ ውኃ ይታጠብና በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል።

በመጨረሻም ከራስ ቦርሳ የሚወጣው አደጋ አለ። ለራስ ምታት የሚዋጠው አካሞልም ሆነ እንደ አይቡፕሮፌን ያለው ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለውሻ አይሰጥም፣ ይመርዘዋል። ከቤት የተቋጠረው ስንቅም እንዲሁ ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሆንም፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮላትም አይሰጡትም። በፍቅር የተቆረሰ ጉርሻ የሌሊት ሐኪም እንዳያስፈልግ።

ጤነኛ ውሻ ሐኪም የሚፈልግበት ቀን

ውሻው ሳይታመም የግድ በውጭ አገር ሐኪም የሚያስፈልግበት አንድ ጊዜ አለ። አየርላንድ፣ ማልታ፣ ፊንላንድ፣ ኖርዌይና ብሪታንያ ከመግባቱ በፊት ውሻ የትል መድኃኒት መውሰድ አለበት። ትሉ የኮሶ ትል ዘመድ ነው፤ ለውሻው ቀላል ሆኖ በሰው ጉበት ላይ ግን ከባድ በሽታ ያስከትላል፣ እነዚህ አገሮችም የሉበትም። ኮሶ ጠጥቶ ያደገ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አይፈልግም። ልዩነቱ መድኃኒቱን ባለቤቱ በቤቱ መስጠት አለመቻሉ ነው። ሐኪም ሰጥቶ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በውሻው ሰነድ ላይ ጽፎ፣ ማኅተም ያደርግበታል።

ሰዓቱ ደግሞ ጠባብ ነው፦ ከመግባቱ በፊት ከ24 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ120 ሰዓት ያልበለጠ። ከፈረንሳይ ሼርቡር ወደብ በመርከብ ተሳፍሮ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ አየርላንድ የሚደርስ ቤተሰብ፣ መድኃኒቱ ከቅዳሜ እኩለ ቀን እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መሰጠት አለበት። ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ እሑድ ዝግ ነው። ስለዚህ የቀጠሮው ቀን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይሆናል፤ ረቡዕ ጠዋት መርከቡ ቢዘገይ እንጂ ቢቀድም አያድንም። ይህ ቀጠሮ ከሳምንታት በፊት በስልክ ይያዛል። ቀጠሮ ሳይዝ ወደብ የደረሰ ሰው መርከቡ ሲሄድ ቆሞ ያያል።

መቅረትም አንድ ምርጫ ነው

ሁሉም ውሻ ለእንዲህ ያለ ጉዞ አይሆንም። ያረጀ፣ ልቡ የደከመ፣ አፍንጫው የተደፈጠጠና ትንፋሽ የሚያጥረው ውሻ በአውሮፕላን ዕቃ ክፍል መጓዝ ይከብደዋል፤ አፍንጫቸው አጭር የሆኑትን የማይቀበሉ አየር መንገዶችም ብዙ ናቸው። ይህን የሚወስነው የልጆቹ ጉጉት ሳይሆን የሚያውቀው ሐኪም ነው። ውሻው ከአያቶቹ ጋር ወይም በውሾች ማቆያ ቢሰነብት ማንም አይጎዳም። አያት ዘንድ ከቀረ ግን የእስራኤሉ ሐኪም ስልክ፣ የክትባት ፒንካሱና ስንት ጊዜ እንደሚበላ የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይቀመጥ። ወጡም አይሰጠው።

ለሚሸኙ አዛውንቶች

መንገደኛ ሲወጣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ከመመረቁ በፊትም ይጠይቃል። «ስንቅ ይዛችኋል? መንገዱን የሚያውቅ አለ? ማን ዘንድ ታርፋላችሁ?» ውሻ ይዞ ለሚሄድ የልጅ ልጅ ጥያቄዎቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፦ ደሙ የተቀዳው መቼ ነው፣ 3 ወሩ ሞልቷል? ሁለተኛ፦ ክትባቱ ጉዞው ሳያልቅ ቀኑ ያልፍበታል? ሦስተኛ፦ በምታድሩበት በእያንዳንዱ ቦታ የሐኪሙን ስልክ ጽፋችኋል፣ የእሑዱንስ? አራተኛ፦ ስትመለሱ ምን ወረቀት ይጠየቃል?

ወጣቱ አራቱንም ከመለሰ ይመረቅና ይሂድ። አንዱን ካልመለሰ ሌላ ወር ይጠብቅ፣ አውሮፓ የትም አይሄድም። አንድ ነገር ደግሞ ቤት ይቅር፦ የፒንካሱና የደም ምርመራው ፎቶ በአያት ስልክ ውስጥ። ፎቶ ድንበር አያሳልፍም፣ ዋናው ሰነድ ይፈለጋል። ነገር ግን ቦርሳ ቢሰረቅ፣ በማይታወቅ ከተማ የቆመ ሐኪም «ይህ ውሻ ተከትቧል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ከክርያት ጋትም ሆነ ከሬሆቮት በአንድ ደቂቃ ይደርስለታል።